የገና ጨዋታ ዳኞች መከላከያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በየሜዳው ገና የሚዳኙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝን ጥያቄ ሰብስቤ፣ በፍቅር ከሚዳኝ ሰው ልምድ የማውቀውን መልሻለሁ።

ዳኛ ዱላ አይዝም፣ ከማንም ጋር አይጋፋም። መከላከያ ለምን ያስፈልገዋል?

ዱላ ስለማይዝ ነው የሚያስፈልገው። ተጫዋች የመጣበትን ምት በዱላው ይመክታል። ከፊቱ ያለውንም ሰው ያያል። የዳኛ ዓይን ግን ከኳሷ አይነሳም። ከጎኑ ማን ዱላውን ወደ ኋላ እንደወሰደ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከተመታ በኋላ ነው። ኳሷ ከእንጨት ስትጠረብ ሩር፣ ከጠፍር ስትሠራ ጥንግ ትባላለች። ሁለቱም ያማሉ። ይበልጥ የምፈራው ግን ዱላውን ነው። ተጫዋቹ ኳሷን ስቶ አየር ሲመታ ዱላው እዚያው አይቆምም። ዞሮ እስከ ትከሻ ይወጣል። ጎንበስ ያለ ዳኛ ፊት የሚገኘው ደግሞ እዚያው ከፍታ ላይ ነው።

እኔ የተማርኩት መንዝ ውስጥ፣ ገብሱ ታጭዶ ባለቀበት አንድ ማሳ ላይ ነው። ኳሷ ድንጋይ ሥር ገባች። ፊሽካ ነፋሁና ላወጣት ጎንበስ አልኩ። አንዱ ልጅ ፊሽካውን አልሰማም። የዱላው ቆልማማ ጫፍ ግራ ቅንድቤን ሰነጠቀው። አምስት ቦታ ተሰፋሁ። ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቢሆን ዓይኔ ነበር። ልጁ ከእኔ በላይ ደንግጦ የአንገት ልብሱን ፈትቶ ደሙን ያብስልኝ ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ፣ እኔም አልተቆጣሁም። በሳምንቱ ግን መነፅር ገዛሁ።

ገንዘቤ ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚበቃው። ምን ልግዛ?

የዓይን መከላከያ። ብዙ ጊዜ የሚመታው ቅልጥም ስለሆነ ብዙዎች መጀመሪያ የቅልጥም መከላከያ ይገዛሉ፤ አልፈርድባቸውም። ቅልጥም ግን ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይድናል። ዓይን እንደዚያ አይደለም።

ትንሽ ሲገኝ ቅልጥም ይከተል። ከዚያ ሄልሜት። ከዚያ የብልት መከላከያ። የደረት መከላከያን መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ለዓይን ምን ዓይነት መነፅር ይሻላል? የፀሐይ መነፅሬ አይበቃም?

አይበቃም። እንዲያውም ባዶ ዓይን ከመሆን የባሰ ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ የሚሸጠው የፀሐይ መነፅር ሲመታ ተሰባብሮ ስብርባሪው ወደ ዓይን ይገባል። የመስታወት ሌንስ ያለው የንባብ መነፅርም ያው ነው። የምትፈልጉት ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ሌንስ ነው። ፖሊካርቦኔት ሲመታ በቀላሉ አይሰባበርም። ይልቁንም ይለመጣል።

ቀላሉ መንገድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሄዶ ግሪንደር የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉትን ነጭ የሴፍቲ መነፅር መግዛት ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከፖሊካርቦኔት ነው፤ ቢሆንም ጠይቁ። ጎኑ የተሸፈነ፣ ፊት ላይ ልጥፍ የሚል ይሁን። ጆሮ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ከሆነ ከኋላ ሰፊ ላስቲክ እሰሩበት፤ ሲሮጡ ይወልቃል። ይህ መነፅር የተሠራው ለፍንጣሪ እንጂ ለወይራ ዱላ አለመሆኑን ግን አትርሱ። በቀጥታ የመጣ ከባድ ምት ክፈፉን ፊት ላይ ሊሰብረው ይችላል። በላስቲክ የሚታሰር፣ ዙሪያው ስፖንጅ ያለው የስፖርት መነፅር ካገኛችሁ እሱ ይበልጣል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ልብስ ከሚያስልክ ይህን ያስልክ።

በሐኪም የታዘዘ መነፅር የምታደርጉ ደግሞ ሲታዘዝላችሁ «ሌንሱ ፖሊካርቦኔት ይሁንልኝ» በሉ። የማይገኝ ከሆነ የሴፍቲ መነፅሩን ሰፊውን መርጣችሁ ከላይ ደርቡት። ጠዋት ላይ በእስትንፋስ ጉም መልበሱ አይቀርም። ከጎን ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ይቀንሰዋል። እኔ ሌንሱን በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አሽቼ፣ ሳላጥብ በስስ ጨርቅ አደርቀዋለሁ። ለአንድ ጨዋታ ይበቃል።

የኳስ ተጫዋቾች የቅልጥም መከላከያ ለገና ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን አጭር ነው። የእግር ኳሱ መከላከያ የተሠራው ለእርግጫ ነው፤ የሚሸፍነውም የቅልጥሙን መሀል ብቻ ነው። የገና ዱላ ግን ዝቅ ብሎ ቁርጭምጭሚትን፣ ከፍ ብሎ ጉልበትን ያገኛል። ስለዚህ ረጅሙን ምረጡ፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ከሆነ በጣም ጥሩ። ከውስጥ ስፖንጅ ከሌለው ወፍራም የሱፍ ካልሲ ከሥሩ ልበሱ። መንዝ ላይ የበግ ፀጉር ሞልቷል፤ በእጅ የተሠራ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ካገኛችሁ ምቱንም ብርዱንም ይይዝላችኋል።

ሌላው የሚረሳው ነገር የቅልጥም ጀርባ ነው። ተጫዋችን ምቱ ከፊት ያገኘዋል። ዳኛ ግን ጨዋታው ሲዞር ጀርባውን ይሰጣል። ባቱን የተመታ ዳኛ ብዙ አይቻለሁ።

የሞተር ሄልሜት አለኝ። የግንባታም አለ። የትኛውን ላድርግ?

የሞተሩ በደንብ ይከላከላል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ጎን ያለውን ሰው ይጋርዳል፣ አገጭ ድረስ የሚሸፍነው ደግሞ ፊሽካ አያስነፋም። ከሁሉም በላይ ጆሮ ይደፍናል። ገና ግማሹ የሚዳኘው በጆሮ ነው። ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ አለው። ዱላ ከእግር ጋር ሲገናኝ ድምፁ ይታፈናል። አቧራ ሲነሳ ጥፋቱን የምትለዩት በዚህ ነው። ይህን የማይሰማ ዳኛ ሜዳው ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

የግንባታው ሄልሜት የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ ነው። ገና ላይ ከላይ የሚወድቅ ነገር የለም፤ ምቱ የሚመጣው ከጎን ነው። የአገጭ ማሰሪያ ከሌለው ደግሞ ሁለት እርምጃ ስትሮጡ መሬት ላይ ነው። እኔ የብስክሌት ሄልሜት ነው የማደርገው። ቀላል ነው፣ ጆሮ ክፍት ነው፣ ጆሮ ግንድ አካባቢ ይሸፍናል። ፊትን አይሸፍንም፤ ለዚያ መነፅሩ አለ። በረዶ ሆኪ ወይም ክሪኬት የሚጫወቱ ሰዎች የሚያደርጉት ቢገኝ ይበልጣል፣ ግን እኛ አገር ሱቅ ውስጥ ማግኘቱ ከባድ ነው።

አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት እንደገና ይደረጋል?

የብስክሌት ሄልሜት ከሆነ አይደረግም። ውስጡ ያለው ነጭ ፎም ምቱን የሚይዘው ራሱ ተጨፍልቆ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ከላይ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ሰልባጅ ተራ ሄልሜት ስትገዙ ውስጡን አውጥታችሁ እዩ፤ ፎሙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ተዉት። ማሰሪያው የሻከረ፣ ፀሐይ የበላው ከሆነም ተዉት። ርካሽ ነው ብላችሁ አትታለሉ።

ጥርሴን እንዴት ልጠብቅ? የአፍ መከላከያ አድርጎ ፊሽካ መንፋት ይቻላል?

ይከብዳል። በተለይ ረጅም ጨዋታ ላይ። እኔ የአፍ መከላከያውን ትቼ የፊሽካ አያያዜን ነው የቀየርኩት። ፊሽካ በጥርስ ነክሶ መሮጥ ትልቁ ስህተት ነው። ኳሷ ወይም የሰው ክርን ፊሽካውን ካገኘው ፊሽካው የፊት ጥርስን ይዞ ነው የሚገባው። በእጅ ያዙት። ሲያስፈልግ ወደ አፍ አምጡ፣ ነፍታችሁ መልሱ። ጣት ላይ የሚጠለቅ ፊሽካ አለ፤ እሱ ለዚህ ምቹ ነው።

አንገት ላይ በገመድ አታንጠልጥሉት። የገና ዱላ ጫፉ ቆልማማ ነው፤ ገመዱን ከያዘው የሚጎተተው አንገታችሁ ነው። ይህን የምለው አንድ ጓደኛዬ ላይ ሲደርስ ስላየሁ ነው። ገመዱ ተበጥሶ ባይወጣ ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

ጫማስ? ሴፍቲ ጫማ ይሻላል ታኬታ?

ሁለቱም አይደሉም። ሴፍቲ ጫማ የእግር ጣት ያድናል፤ ግን ሙሉ ጨዋታ አያስሮጥም። ታኬታ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ በውርጭ የደረቀ መሬት ላይ ያንሸራትታል፣ ጭድ የቀረበት ማሳ ላይም ይይዛል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ጥርሱ አጫጭር የሆነ፣ ጫፉ ጠንከር ያለ የተራራ መሄጃ ጫማ ይበቃል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንዝ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ አለ። ጠዋት ላይ የደነዘዘ ጣት መመታቱን እንኳ አያውቅም። ስስ ጓንት አድርጉ፣ ቀደም ብላችሁ ሮጥ ሮጥ በሉ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ለምትዳኙ ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ወፍራም ነገር ከመደረብ ውሃ መያዝ ይቀድማል።

ለብልትና ለደረት ምን ይደረግ? ሴት ዳኞችስ?

ለወንዶች፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው የብልት መከላከያ ቦክስና ካራቴ የሚሠሩ ሰዎች ዕቃ ከሚገዙበት ቦታ ይገኛል። ይህን ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም። ሴት ዳኞች የደረት መከላከያን ከእኔ ቅደም ተከተል ከፍ ቢያደርጉት ትክክል ናቸው፤ ለማርሻል አርት የሚሠራ ቀላል የሴቶች ደረት መከላከያ አለ፣ ከማሊያ ሥር ይለበሳል።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ የቤዝቦል ዳኛ ሙሉ ዕቃ ላከልኝ። ልጠቀምበት?

ከፊሉን። ይህ ጥያቄ ባለፉት ዓመታት በጣም በዝቷል፤ ደስ ይላል። መጀመሪያ ዕቃው ለምን እንደተሠራ እንወቅ። የቤዝቦል ዋና ዳኛ ኳስ ከሚይዘው ተጫዋች ጀርባ ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም ትመዝናለች። በትልልቅ ሊጎች በሰዓት ከ145 ኪሎ ሜትር በላይ ትወረወራለች። መቺው ስቶ ወይም ጫፏን ነክቶ ካሳለፋት በቀጥታ ዳኛው ላይ ልትመጣ ትችላለች። ስለዚህ የብረት ፍርግርግ ያለው ጭንብል፣ ከጭንብሉ ሥር ጉሮሮ መሸፈኛ፣ ጠንካራ የደረት መከላከያ፣ ከጉልበት እስከ እግር ጣት የሚደርስ የቅልጥም መከላከያና ጫፉ የተጠናከረ ጫማ ያደርጋል። ምቱ የሚመጣው ከፊት ነው። እሱም ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው የሚቆመው።

የገና ዳኛ ግን ሲሮጥ ነው የሚውለው። ምቱም ከየትም ይመጣል። እኔ ይህንኑ ዕቃ ከጓደኛዬ ተውሼ አንድ ሙሉ ቀን ሞክሬዋለሁ። የቅልጥም መከላከያው ግሩም ነው፤ ጉልበትም ቁርጭምጭሚትም ይሸፍናል። ሳታወላውሉ አድርጉት። ጭንብሉ ፊትን በደንብ ያድናል፣ ግን ወደ እግር ሥር ማየት ይከለክላል፤ የጭንቅላትን ጀርባም ባዶውን ይተወዋል። ወደ ታች ካላያችሁ ኳሷን አታዩም። ደረቱ ከባድ ነው፤ በእኛ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል። አጋማሹ ላይ ደክሞኝ ከኳሷ ራቅኩ። የራቀ ዳኛ ደግሞ ጥፋት አያይም።

ደረትን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት አደጋ የለውም ብዬ አይደለም። ልብ ላይ ያረፈ ምት፣ ልብ በትርታና በትርታ መካከል ባለችበት አንዲት ቅጽበት ካገኛት፣ ትርታዋን አዛብቶ ሊያቆማት ይችላል። አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው፤ ይበልጥ የሚታየውም በታዳጊዎች ላይ ነው። ታዳጊ ልጅ ዳኛ አድርጋችሁ የምታስገቡ ከሆነ ቀለል ያለ የደረት መከላከያ ፈልጉለት።

መግዛት ካልቻልን ራሳችን መሥራት እንችላለን?

የቅልጥም መከላከያ፣ አዎ። የዓይንና የራስ፣ በፍጹም አትሞክሩት።

ቅልጥሙን እንዲህ ነው የምንሠራው። ከተቋረጠ የውሃ ቱቦ ትራፊ፣ ወፍራሙን ጥቁሩን ፕላስቲክ እንወስዳለን። ርዝመቱን ከጉልበት ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት ለክተን ለሁለት እንሰነጥቀዋለን። ፈላ ባለ ውሃ ውስጥ እናቆየውና ሲለሰልስ በወፍራም ጨርቅ ይዘን ጠርሙስ ላይ እናጎብጠዋለን። ጠርዙን በሞረድ እናለዝባለን። ከውስጥ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ስፖንጅ፣ ከላይ ቆዳ ወይም ሸራ ጫማ ሰፊ ይሰፋልናል። ሁለት ሰፊ ላስቲክ፣ አለቀ። ግራጫውን የፍሳሽ ቱቦ ግን አትጠቀሙ። እሱ በብርድ ይሰባበራል። የጠዋት ውርጭ ላይ ሲመታ ተሰንጥቆ ጠርዙ እንደ ምላጭ ሥጋ ይቆርጣል።

ገንዘብ ለማሰባሰብ የእኛ ዳኞች በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን እንደ ዕቁብ በተራ ነው የገዛነው። በዓመት ውስጥ ሁላችንም መነፅር ኖረን። የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤትንም በጽሑፍ ጠይቁ። ገና በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ደንብ ተጽፎለት የሚካሄድ ውድድር ነው፤ ለዳኛው መነፅር መጠየቅ ልመና አይደለም።

መከላከያ ሳደርግ «ፈሪ» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው። ሰው ዕቃውን ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን መነፅሩን ከኪሴ ለማውጣት እጄ ከብዶኛል።

የረዱኝ አንድ የአንኮበር አዛውንት ናቸው። ከሜዳው ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለው ነበር። ልጆቹ ሲያጉረመርሙብኝ ጠሩኝና መነፅሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «የእኔ ታላቅ ወንድም አንድ ዓይኑን ያጣው በገና ነው፤ ይሄ ያኔ ቢኖር ኖሮ» አሉ። ከዚያ ልጆቹን በእጃቸው ጠርተው መነፅሩን በየተራ አስነኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዕቃውን ተደብቃችሁ አትልበሱ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱን ቡድን አለቆችና አባቶችን ሰብስባችሁ፣ ዱላ እየፈተሻችሁ በፊታቸው ልበሱት። አባቶች ከተቀበሉት ወጣቱ ይከተላል።

ለብሼም ብመታስ? ምን ይደረግ?

ራስ ከተመታችሁና ግር ካላችሁ፣ ብርሃን ካስጠላችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ ውጤቱን ከረሳችሁ፣ የዚያን ቀን ዳኝነት አበቃ። «ደህና ነኝ» ብሎ መመለስ የለም። ትውከት ከተደጋገመ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል።

ዓይን ከተመታ አትሹት፣ አትጫኑት፣ ቅባትም አትቀቡ። የወረቀት ኩባያ ታቹን ቆርጣችሁ፣ ዓይኑን ሳይነካ ከላይ ከድናችሁ ሂዱ። ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ነጩን ጫፍ ያዙ እንጂ ሥሩን አትንኩ። ወተት ውስጥ ከታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥርስ ሐኪም ጋ ከደረሳችሁ ሊተከል ይችላል። ገጠር ላይ ወተት አይጠፋም። ደረቱን ተመትቶ ወድቆ የማይተነፍስ ሰው ካለ ግን የምትጠብቁት ነገር የለም። አንዱ መኪና ይጥራ። ሌላው ደረቱ መሀል ላይ በሁለት እጁ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። እርዳታ እስኪደርስ አያቁም።

ተጫዋቾቹ ምንም ሳያደርጉ እኔ ብቻ ተሸፋፍኜ ብዳኝ ልክ ነው?

ልክ ነው፤ ግን ልባችሁን ይከብደዋል፣ መክበድም አለበት። ሁሉንም ማልበስ አንችልም። በእጃችን ያለው ዱላው ነው። የተሰነጠቀ ዱላ፣ በሽቦ የተጠገነ ዱላ፣ ጫፉ የሾለ ዱላ አላስገባም። እያንዳንዱን በአውራ ጣቴ ከላይ እስከ ታች እዳብሰዋለሁ፤ ስንጥር ካለ እዚያው ይታወቃል። አንድ ጊዜ አንዱን ዱላ አላስገባም ብዬ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ዘገየ፣ ሰውም ጮኸብኝ። ያ ዱላ ከሜዳ ወጥቶ አንዱ ልጅ መሬት ላይ ሲሞክረው ለሁለት ተሰበረ። ግማሹ ተፈናጥሮ ተመልካቾቹ እግር ሥር ነው ያረፈው።

ከትከሻ በላይ ዱላ ያነሳውን፣ ማንንም ባይነካም፣ ወዲያው አቁሙት። ሕፃናት የሜዳውን መስመር አልፈው ከገቡም ጨዋታው ይቁም። ኳሷ የማን እንደነበረች ቆይቶ ይወሰናል።